ምሕረት በአንድ በር፣ ሕግ በሌላ በር

እንግሊዝ አገር የፓርኪንግ ተቆጣጣሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በለንደን ጎዳናዎች የተሰማሩት በመስከረም 1960 ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያዋ የቅጣት ወረቀት ያረፈችው በአንድ ሐኪም መኪና ላይ ነበር። ዶክተር ቶማስ ክሬተን ፎርድ ፖፑላሩን ዌስት ኤንድ ውስጥ ከአንድ ሆቴል ደጅ አቁሞ የገባው ልቡን ድንገት የታመመ ሰው ሊረዳ ነው። ሲወጣ የ2 ፓውንድ ቅጣት ጠበቀው። ወሬው ሲሰማ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ቅጣቱም ተነሣለት።

ሐኪሙን ያዳነው ሕግ አልነበረም። መኪናው መቆም በሌለበት ቦታ መቆሙን የካደ የለም፤ የተባለው “እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይቀጣል?” ነው። ይህ የምሕረት ጥያቄ ነው። ዛሬም በቲኬት የተናደደ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር አደባልቆ ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው “አላጠፋሁም”፣ ሁለተኛው “ባጠፋም ምክንያት አለኝ” የሚል ነው። በእኛ ባህል ሁለቱን አብሮ ማቅረብ ነውር የለውም። ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ሰው እውነቱንም ችግሩንም በአንድ ትንፋሽ ያወጣል፤ ሽማግሌውም ሁለቱን አመዛዝኖ ይፈርዳል። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግትማ አንደበቱ የሰላ ሰው ጉዳዩ ቢደክምም የሚረታበት ጊዜ ነበር። የእንግሊዝ የፓርኪንግ ሙግት ግን ምሕረቱን በአንድ በር፣ ሕጉን በሌላ በር አድርጎ ለያይቶታል። ለንደን ውስጥ ታክሲ የሚነዳውም፣ ምግብ የሚያደርሰውም፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መኪናውን አቁሞ የሚያስቀድሰውም ወገናችን ብዙ ጊዜ ጥሩ ጉዳይ ይዞ የሚሸነፈው የምሕረቱን ንግግር በሕጉ በር ስለሚያሰማ ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ወረቀቱን ማን እንደሰጠው ነው። የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ቅጣትና የግል ኩባንያ የክፍያ ጥያቄ መልካቸው ሆን ተብሎ የተመሳሰለ እስኪመስል ድረስ ይቀራረባል። ቢጫና ጥቁር ፕላስቲክ፣ ፎቶግራፍ፣ “በ14 ቀን ውስጥ ከከፈሉ ይቀነስልዎታል” የሚል ማባበያ ሁለቱም ላይ አለ። በሕግ ፊት ግን ዝምድና የላቸውም። የካውንስሉ ቅጣት ከሕግ የመነጨ ግዴታ ነው። የኩባንያው ወረቀት “ውል ገብተህ ውል አፍርሰሃል” የሚል የአንድ ነጋዴ አቤቱታ ነው። ከታች የምለው ሁሉ ለእንግሊዝና ለዌልስ ነው፤ ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት።

የካውንስሉን ባጭሩ ላንሳው፣ ምክንያቱም መንገዱ የተጠረገ ነው። በተከለከለ ቦታ ማቆም ዱሮ በማጅስትሬት ፍርድ ቤት የሚታይ ጥፋት ነበር። የ1991 የመንገድ ትራፊክ ሕግ ከወንጀል አውጥቶ ለካውንስሎች ሰጠው፤ ለንደንም በ1990ዎቹ አጋማሽ ቀድማ ተከተለች። ዛሬ ቲኬቱ መስታወት ላይ የተለጠፈበት ሰው በ14 ቀን ውስጥ ለካውንስሉ ቢጽፍ አቤቱታው ውድቅ ቢደረግበት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ዋጋ የመክፈል ዕድሉ እንደገና ይሰጠዋል። ስለዚህ በዚህ ደረጃ መከራከር የሚያሳጣው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ይህ የምሕረቱ በር ነው። ታምሜ ነበር፣ መኪናው ተበላሽቶብኝ ነበር፣ እናቴን ሐኪም ቤት እያደረስኩ ነበር የሚባለው እዚህ ነው፤ ካውንስሉ ቅጣቱን በራሱ ሥልጣን መተው ይችላልና። ከመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ወይም ከጋራዥ ወረቀት ጋር የቀረበ አንድ ገጽ፣ በቁጣ ከተጻፈ አምስት ገጽ ይሻላል። አንድ ነገር ግን አይደረግ፤ ከፍሎ መከራከር። የከፈለ ሰው ጉዳዩን ዘግቷል።

ካውንስሉ እምቢ ካለ ለመኪናው ባለቤት መደበኛ ማስታወቂያ ይልካል። ባለቤቱ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቃወማል፣ ካውንስሉም በ56 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ አቤቱታውን እንደተቀበለ ይቆጠራል። መልሱ አሁንም እምቢታ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ገለልተኛ ዳኛ ይሄዳል፤ ለንደን ውስጥ የለንደን ትራይቡናልስ፣ ከለንደን ውጭ የትራፊክ ፔናልቲ ትራይቡናል። ክፍያ የለውም፣ በስልክም በጽሑፍም ይታያል። የሕጉ በር ይህ ነው። ዳኛው የሚመለከተው ጥፋቱ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም፣ ምልክቱና መስመሩ በትክክል ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ካውንስሉ ሥርዓቱን ተከትሏል ወይስ አልተከተለም የሚለውን ነው። ጥፋት መኖሩን ካመነ፣ ታሪኩ የቱንም ያህል አንጀት ቢበላ ቅጣቱን ራሱ መሰረዝ አይችልም። ቢበዛ “እስቲ እንደገና አስቡበት” ብሎ ለካውንስሉ ይመልሰዋል። ዶክተር ክሬተን ዛሬ በዚህ በር ቢመጣ የተለየ ነፃነት የሚሰጥ ደንብ ካላገኘ በቀር የሚሰማው “አዝናለሁ” የሚል ዳኛ ነበር።

ዝም ያለ ሰውስ? ቅጣቱ በግማሽ ያድጋል፣ ኖርዝሃምፕተን በሚገኘው የትራፊክ ማስፈጸሚያ ማዕከል እንደ ዕዳ ይመዘገባል፣ ከዚያ ዕዳ አስፈጻሚው ቤይሊፍ በር ያንኳኳል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው እዚህ አይሠራም።

ይበልጥ የሚያስቸግረውና ሰው እውነተኛ ፍርድ ቤት የሚቆምበት የግል ኩባንያው ወረቀት ነው። እስከ 2012 ድረስ የግል መሬት ባለቤቶች ጎማ በብረት ቆልፈው ገንዘብ ካልተከፈላቸው አይፈቱም ነበር። የነፃነቶች ጥበቃ የተባለው የ2012 ሕግ ይህን ከለከለ፤ በምትኩ ለኩባንያዎቹ ሌላ ስጦታ ሰጣቸው። ሹፌሩ ማን እንደነበር ካልታወቀ፣ በሕጉ የተደነገገውን ሥርዓት እስከተከተሉ ድረስ፣ መኪናው በስሙ የተመዘገበውን ሰው መጠየቅ ተፈቀደላቸው። አድራሻውን ከመንግሥቱ የተሽከርካሪ መዝገብ ቤት በ2 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ይገዛሉ። ካሜራ ሰሌዳውን ሲገባና ሲወጣ ያነባል፣ ኮምፒውተር ደብዳቤ ያወጣል። ሠራተኛ እንኳ ሜዳው ላይ መቆም የለበትም።

እዚህ ላይ ዋናው አደጋ የመኖሪያ አድራሻ ነው። ስደተኛ ቤት ይቀያይራል። አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ከዚያ ከዘመድ ጋር ከርሞ፣ ከዚያ የካውንስል ቤት ሲደርሰው የመኪናው መዝገብ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ይቀራል። ደብዳቤውም፣ ማስጠንቀቂያውም፣ የፍርድ ቤቱ መጥሪያም ወደዚያ ይሄዳል። መልስ አልመጣም ተብሎ በሌለበት ይፈረድበታል። ነገሩን የሚሰማው ከዓመት በኋላ የስልክ ኮንትራት ሲከለከል ወይም የቤት ብድር ሲጠይቅ ነው። ፍርዱን ለማስነሣት መጥሪያው እንዳልደረሰው አስረድቶ፣ ሳይዘገይ ማመልከት፣ ለማመልከቻውም መክፈል አለበት፤ ክፍያው ደግሞ ከመጀመሪያው ቲኬት ይበልጣል። የመኪናን አድራሻ ማስተካከል ግን በነፃ ነው።

የነዚህ ክሶች ሁሉ አባት የአንድ የዓሣ ጥብስ ቤት ባለቤት ጉዳይ ነው። ባሪ ቢቪስ በሚያዝያ 2013 ቼልምስፎርድ ከተማ፣ ሪቨርሳይድ በሚባል የገበያ ማዕከል መኪናውን አቆመ። ለሁለት ሰዓት ማቆም ነፃ ነው፤ እሱ ከዚያ በላይ 56 ደቂቃ አሳለፈ። ፓርኪንግአይ የተባለው ኩባንያ 85 ፓውንድ ጠየቀው፣ በ14 ቀን ከከፈለ 50። አልከፍልም አለ። ከካውንቲ ፍርድ ቤት ተነሥቶ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ደረሰ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሰባት ዳኞች ፊት ቀረበ። አብሮት የታየው መዝገብ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የማስታወቂያ ድርጅት ሽያጭ ነበር። የሁለቱ የሕግ ጥያቄ አንድ ዓይነት ስለሆነ የዓሣ ጥብስ ቤቱ ባለቤትና ባለሚሊዮኑ ነጋዴ አንድ ፍርድ ተካፈሉ።

ቢቪስ “አልቆምኩም” ወይም “ቸግሮኝ ነው” አላለም። መከራከሪያው ንጹህ የሕግ ነጥብ ነበር። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ውል ያፈረሰ ሰው ለደረሰው ኪሳራ ይክፈል ይላሉ እንጂ ተዋዋዮች እርስ በርሳቸው እንዲቀጣጡ አይፈቅዱም። በ1914 በደንሎፕ የጎማ ፋብሪካ ጉዳይ የተሰጠው ፍርድ መለኪያውን አስቀምጦ ነበር፤ በውሉ የተቆረጠው ገንዘብ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ ከልብ የገመተ መሆን አለበት። ታዲያ ፓርኪንግአይ ምን ጎደለበት? ማቆሚያው ነፃ ነው። እንዲያውም ኩባንያው ቦታውን ለማስተዳደር ለመሬቱ ባለቤት በሳምንት 1,000 ፓውንድ ይከፍል ነበር፤ ገቢው ደግሞ ሰዓት ካሳለፉ ሰዎች ብቻ ነው። ሁሉም ሰው በሰዓቱ ቢወጣ የሚከስረው ኩባንያው ነው! ማሳለፌ ጠቀመው እንጂ አልጎዳውም፣ ስለዚህ 85 ፓውንዱ ቅጣት ነው፣ ቅጣት ደግሞ አይጸናም። ክርክሩ እንዲህ ነበር፣ ለእኔም ሲነበብ የማይነቃነቅ ይመስላል።

በህዳር 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስድስት ለአንድ ፈረደበት። ለመቶ ዓመት የቆየውን መለኪያም አሻሻለው። ጥያቄው “ምን ያህል ከሰረ?” ብቻ አይደለም አለ፤ “ውሉ እንዲከበር የሚፈልግበት ተገቢ ጥቅም አለው ወይ? የተቆረጠውስ ገንዘብ ከዚያ ጥቅም ጋር ሲነጻጸር ከልክ ያለፈ ነው ወይ?” የሚልም ነው። ሱቆቹ ደንበኛ እንዲፈራረቅላቸው ይፈልጋሉ፤ ለዚያ ሰው በሁለት ሰዓት መውጣት አለበት፤ የሚያስወጣው ደግሞ ገንዘብ ነው። 85 ፓውንድ ካውንስሎች ከሚያስከፍሉት ብዙ አይርቅም። ወደ 20 የሚጠጉ ትልልቅ ምልክቶችም ስለነበሩ ቢቪስ አላየሁም ማለት አይችልም።

ብቻውን የቀረው ዳኛ ሎርድ ቱልሰን በልዩነት ሐሳቡ የሸማቾችን ጥበቃ ደንብ አንሥቶ 85 ፓውንድ ለብዙ ሰው ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ አሳሰበ፤ የመንግሥት መሠረታዊ ጡረታ ያን ጊዜ በሳምንት 115 ፓውንድ ነበርና። ሕፃናት የያዘ ወይም አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው፣ መውጫው ላይ ሰልፍ የያዘው ሰው ለሁለት ደቂቃ ቢዘገይስ? በእኔ እይታ ስለ ማቆሚያ ሜዳ የገባው እሱ ነው፤ ስድስቱ ስለ ገበያ ማዕከል አስተዳደር ጻፉ፣ እሱ መኪና ውስጥ ስለተቀመጠው ሰው ጻፈ። የልዩነት ሐሳብ ግን ዕዳ አያስቀርም።

በነገራችን ላይ ይህ ሙግት አዲስ አበባ ቢነሣ ኖሮ ገና ከጅምሩ ያልቅ ነበር። የእኛ የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግ በውል የተቆረጠን ቅጣት “ገደብ” ብሎ ይጠራዋል፤ ጉዳት ባይደርስም መጠየቅ ይቻላል። የቢቪስ ዋና ነጥብ በዚያ ሕግ ፊት ነጥብ አይሆንም።

ከ2015 ወዲህ “ቅጣት ነው፣ ኪሳራ የለም” ብሎ መከራከር ብቻውን አያዋጣም፤ የኩባንያዎቹ ጠበቆች የቢቪስን ስም እንደ ጋሻ ይዘው ይመጣሉ። ነገር ግን ያ ፍርድ የቆመው በምልክቶቹ ላይ ነው። ምልክቱ ከሌለ፣ ወይም ካልታየ፣ ውል የለም፤ ውል ከሌለ የሚፈርስም የለም። በ2000 ይግባኝ ሰሚው ችሎት በቫይን ጉዳይ ይህን ግልጽ አድርጎታል። ከሆስፒታል ስትመለስ አሟት፣ ልትተፋ መኪናዋን ዳር አቁማ የወጣች ሴት መኪናዋ በብረት ተቆለፈባት። ምልክቱ ነበረ፤ ግን ሌላ መኪና ከልሎት ነበር። ፍርድ ቤቱ አላየችምና አልተስማማችም አለ። የረታችው ስላመማት አይመስለኝም፤ ምልክቱ ስላልታያት ነው። ከዚያም በፊት በ1970 በሹ ሌን የማቆሚያ ጉዳይ፣ ሎርድ ዴኒንግ ባሉበት ችሎት፣ ሰው ከማሽን ትኬት ወስዶ ከገባ በኋላ የሚያገኘው ጽሑፍ እንደማያስረው ተፈርዷል፤ ውሉ መግቢያው ላይ አልቋልና።

ስለዚህ ወረቀቱ እጁ የገባ ሰው በመጀመሪያ መሥራት ያለበት ወደ ቦታው ተመልሶ ፎቶ ማንሣት ነው፤ ከሹፌር ወንበር ላይ ሆኖ መግቢያውን፣ የምልክቱን ከፍታ፣ የፊደሉን መጠን፣ የከለለውን ዛፍ። ቲኬቱ የማታ ከሆነ በማታ ያንሣ። ከሦስት ወር በኋላ ምልክቱ ታድሶ፣ ዛፉ ተከርክሞ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ቀኑን መቁጠር ነው። መስታወት ላይ ምንም ሳይለጠፍ በካሜራ ብቻ ከተያዘ፣ ማስታወቂያው መኪናው ከቆመበት ቀን በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ለመኪናው ባለመዝገብ መድረስ አለበት። ከዘገየ ኩባንያው ባለመዝገቡን መጠየቅ አይችልም፤ መጠየቅ የሚችለው ሹፌሩን ብቻ ነው፣ ሹፌሩ ማን እንደሆነ የማስረዳት ሸክሙም የራሱ ነው። ለግል ኩባንያ ሹፌሩን የማሳወቅ ግዴታ ደግሞ በሕግ የለም። ብዙ ሰው ይህን መከላከያ የሚያፈርሰው በመጀመሪያው ደብዳቤው ነው። “ያን ቀን ልጄን ከትምህርት ቤት አውጥቼ፣ ዝናብ ስለነበር አቁሜ…” ብሎ ሲጀምር ሹፌሩ እኔ ነበርኩ ብሏል። ውሸት መጻፍ አያስፈልግም፤ መዋሸትም ከቲኬት የከፋ ጣጣ ያመጣል። “የመኪናው ባለመዝገብ እንደመሆኔ እጽፋለሁ፣ ማስታወቂያው በጊዜው አልደረሰም” ማለት ይበቃል።

ከፍርድ ቤት በፊት አንድ ይግባኝ አለ። ኩባንያው የእንግሊዝ የፓርኪንግ ማኅበር አባል ከሆነ ፖፕላ የሚባለው አካል በነፃ ያየዋል። ውሳኔው ኩባንያውን ያስራል፣ አመልካቹን አያስርም፤ ቢሸነፍም ፍርድ ቤት የመከራከር መብቱ እንዳለ ነው። ሌላም የኩባንያዎች ማኅበር አለ፣ እሱም የራሱ ይግባኝ ሰሚ አለው። ፓርላማውም በ2019 የሥነ ምግባር ደንብ እንዲወጣ ሕግ አጸደቀ፤ ደንቡ በየካቲት 2022 ታተመ፣ ኩባንያዎቹ ፍርድ ቤት ሲሄዱ በዚያው ዓመት በሰኔ ተነሣ። ለሸማቹ የአራት ወር ደስታ ነበር።

የክስ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ መልስ መስጫው 30 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የካውንቲ ፍርድ ቤት ቅጽ ግን አይቀለድበትም፤ በ14 ቀን ውስጥ መልስ ይፈልጋል፣ መጥሪያው እንደደረሰው በቅጹ ያሳወቀ ሰው እስከ 28 ቀን ያገኛል። የመከላከያ መልሱ አጭር ይሁን፤ የተካደው ይካድ፣ የታመነው ይታመን። የትንንሽ ክሶች ችሎት የተሠራው ጠበቃ ለሌለው ሰው ነው። የተረታ ሰው የተጠየቀውን፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ክስ 35 ፓውንድ የክስ መክፈቻ፣ 27 ፓውንድ የችሎት ክፍያና 50 ፓውንድ የተወሰነ የጠበቃ ወጪ ይከፍላል እንጂ፣ ያለ አግባብ ካላስቸገረ በቀር የሌላው ወገን ሙሉ ወጪ አይጫንበትም። ክሱን የፈራ ሁሉ ቤቱን የሚያጣ ይመስለዋል፤ የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ወደ 200 ፓውንድ ገደማ ነው። የረታ ደግሞ ከሥራ ለቀረበት ቀን እስከ 95 ፓውንድ መጠየቅ ይችላል። አንዳንድ ኩባንያዎች የችሎቱን ክፍያ የሚከፍሉበት ቀን ሲደርስ ክሱን ይተዉታል፤ ሥራቸው የሚያዋጣቸው ሰው ፈርቶ ሲከፍል ነውና።

ችሎቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ያለበት ተራ ክፍል ነው። ዊግ የለም፣ ጋቢ እንዳደረጉ ሽማግሌዎች የተኮፈሰ ሰው የለም። ዳኛውን “ጀጅ” ብሎ መጥራት ይበቃል። ፍርድ ቤቱ ባዘዘው ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከችሎቱ 14 ቀን በፊት፣ የምስክርነት ቃልና ፎቶዎቹ ለሁለቱም ወገን መላክ አለባቸው፤ በዕለቱ ከቦርሳ የሚወጣ ፎቶ ላይታይ ይችላል። ቋንቋ የሚያስቸግረው ሰው አስቀድሞ ለጽሕፈት ቤቱ ይጻፍ። ቀጠሮው አንድ ሰዓት ቢሰጠው ነው፤ የኩባንያው ተወካይ ብዙ ጊዜ መዝገቡን ባቡር ላይ ያነበበ የቀን ቅጥር ጠበቃ ነው፣ ቦታውንም አያውቀውም። የማቆሚያው መግቢያ በስተግራ ወይስ በስተቀኝ እንደሆነ ሲጠየቅ የሚያመነታው እሱ ነው። ዳኛው ስለ ልጁ ትምህርት ቤት ከጠየቀ ይመለስ፤ ካልጠየቀ ግን ጊዜውን ለምልክቱና ለቀኑ ያውለው።

ፍርዱ እዚያው ይነበባል። የተረታ ሰው ይግባኝ ለማለት ፈቃድ መጠየቅ አለበት፣ ጊዜው 21 ቀን ነው፤ ዳኛው የሕግ ስህተት ካልሠራ በቀር “ታሪኬን አላመነኝም” በቂ አይሆንም። በወሩ ውስጥ ከከፈለ ስሙ ከዕዳ መዝገቡ ይፋቃል፤ ከወር በኋላ ከከፈለ “ተከፍሏል” የሚል ምልክት ይታከልበታል እንጂ መዝገቡ ላይ ስድስት ዓመት ይቆያል።